ታሪፉ ሳይቆረጥ ማሽኑ አይታዘዝም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የከተማ ባቡር የክፍያ መሰብሰቢያ ሥርዓትን የሚመለከቱ በመሆናቸው አምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የክፍያ መሰብሰቢያ ሥርዓት ስንል ካርዱን፣ ማለፊያ በሩን፣ የትኬት መሸጫ ማሽኑን፣ በየጣቢያው የሚቀመጠውን ኮምፒውተርና ሒሳቡ ሁሉ የሚጠቃለልበትን ማዕከል አንድ ላይ ማለታችን ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት ውስጥ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ድርጅታችን ከአንድ የውጭ አማካሪ ጋር በሽርክና ከአገር ውጭ የሚገነባ አዲስ ሜትሮ የክትትል ሥራ ይዟል፤ እኔም የክፍያ መሰብሰቢያውን ክፍል እንድመራ ተመድቤአለሁ። እስከ ምረቃው 30 ወራት ቀርተዋል። አለቃዬ “ይህ ክፍል ከሲግናሉ (የባቡሮቹን እንቅስቃሴ ከሚቆጣጠረው ሥርዓት) እና ከኃይል አቅርቦቱ አንጻር ቀላል ነው፤ በመጨረሻ ይገባል” ይሉኛል። እውነት ነውን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ አለቃዎን በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ። በገንዘብ መጠን ሲታይ ይህ ክፍል ከጠቅላላው ፕሮጀክት ትንሽ ቁራሽ ነው። “በመጨረሻ ይገባል” የሚለው አስተሳሰብ ግን ምረቃ የሚያዘገየው እሱ ራሱ ነው። ሲግናሉ በዋናነት የሚነጋገረው ከባቡሩና ከሐዲዱ ጋር ነው። የእርስዎ ሥርዓት ግን ወለሉን ከሚሠራው የሲቪል ተቋራጭ፣ ከኃይል አቅራቢው፣ ከኮሙኒኬሽኑ መስመር፣ ከእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው፣ ከባንኩ፣ ከከተማው የፋይናንስ ሰዎች፣ እንዲሁም በየማለዳው እየተጣደፈ ከሚመጣው ተሳፋሪ ጋር መግባባት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ሲዘገይ የእርስዎ ሥራ ይዘገያል፤ የእርስዎ ሲዘገይ ግን የሚጠብቅዎት የለም።

ስለዚህ ከማሽኑ አይጀምሩ፤ ከታሪፉ ይጀምሩ። የአውስትራሊያዋ ሲድኒ ለ2000 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ይደርሳል ብላ ያሰበችው ቲካርድ የተባለ ሥርዓት ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ውሉ ተቋረጠ፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ለውድቀቱ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የባቡሩ፣ የአውቶቡሱና የጀልባው ታሪፍ ሳይቃለል፣ እንደተወሳሰበ ወደ ሶፍትዌር እንዲገባ መሞከሩ ነው። ከተማዋ ኦፓል የተባለውን ካርድ ማስጀመር የቻለችው በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነበር።

ታሪፍ ስል ዋጋውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ዋጋው በሠንጠረዥ ውስጥ የሚቀመጥ ቁጥር ስለሆነ ከምረቃው አንድ ሳምንት በፊት እንኳ ሊለወጥ ይችላል፤ ውሉም ይህ ለውጥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲፈጸም ማስገደድ አለበት። የሚከብደው ደንቡ ነው። አንድ ሰው ካርዱን አስነክቶ ገባ እንበል። መድረኩ ላይ ሲደርስ ስልኩን ሻይ ቤት እንደረሳ ትዝ አለውና ከ4 ደቂቃ በኋላ በዚያው ጣቢያ ተመልሶ ሊወጣ መጣ። ይክፈል ወይስ አይክፈል? የማይከፍል ከሆነ እስከ ስንት ደቂቃ ድረስ? ካርዱ ላይ ያለው ገንዘብ ለአጭሩ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ሰው ረጅሙን መንገድ ተጉዞ መውጫው ላይ ሲቆም በሩ ይዘጋበት ወይስ ቀሪው ዕዳ ተመዝግቦበት ይለፍ? ባቡሩ መሀል ላይ ተበላሽቶ ተሳፋሪው በእግሩ እንዲወጣ ሲደረግ ገንዘቡ ይመለስለታልን? የተማሪ ቅናሽ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይቀጥላልን? እነዚህን ጥያቄዎች ባለቤቱ፣ ማለትም ሜትሮውን የሚያሠራው አካል፣ በጽሑፍ ካልመለሳቸው የሚመልሳቸው ሩቅ አገር ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ወጣት ነው፤ እሱም የሚመልሳቸው ለእሱ በሚቀልለው መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ማስተካከያ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ ተብሎ ዋጋ ይወጣለታል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ሌላ ምንም ባልሠራ እንኳ የታሪፍ ደንቡን ሰነድ አስፈርም ነበር።

ቀጥሎ ወለሉን ይመልከቱ። ከዓመታት በፊት በውጭ አገር በሠራሁበት አንድ ሜትሮ የሲቪል ሥዕሉ የተዘጋጀው የበር አቅራቢው ከመመረጡ በፊት ስለነበር የኬብል ቱቦዎቹ ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩት በግምት ነበር። የመጀመሪያው በር ከሣጥኑ ወጥቶ ቦታው ላይ ሲቆም ከሥሩ ያለው የኬብል መግቢያ ከቱቦው አፍ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። እብነ በረዱ ግን ተነጥፎ፣ ተወልውሎ፣ ፕላስቲክ ለብሶ ነበር። ለሦስት ሳምንታት ሌሊት ሌሊት ድንጋይ ስንቆርጥ አደርን፤ ብናኙም ቀድመው በተተከሉት በሮች ሴንሰር ላይ እየተጋገረ ሌላ ሥራ ወለደልን። ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ክርክር ደግሞ ከቆረጣው የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮችን እጠይቃለሁ። አቅራቢው ውል በፈረመ በ3 ወራት ውስጥ የበሩን የታችኛውን ሳህን ሥዕል ከነልኩ እንዲያቀርብ፣ የሲቪል ተቋራጩም በአንዲት ነጥብ ላይ የቆመ ቱቦ ሳይሆን በበሮቹ መስመር ርዝመት ልክ የተከፈተ፣ ክዳን ያለው ቦይ እንዲተውልኝ።

የእሳት አደጋውን ግንኙነትም ለሶፍትዌር ብቻ አይተዉት። ማስጠንቀቂያው ሲጮህም ሆነ መብራት ሲጠፋ በሮቹ ራሳቸውን ከፍተው መቆየት አለባቸው፤ ኤንኤፍፒኤ 130 የተባለው የባቡር ጣቢያዎች የደኅንነት ደረጃም መውጫ መንገድ ላይ የቆሙ በሮች ሰው እንዳያግዱ ይጠይቃል። የመክፈቻው ትእዛዝ ከማስጠንቀቂያው ወደ በሮቹ በቀጥታ ሽቦ ይምጣ። ኮምፒውተሩ እንደገና እየተነሣ ባለበት ሰዓት እሳት አይነሣም ያለ ማን ነው?

ከዚያ ውሉን ገልጠው ክፍያው ከምን ጋር እንደታሰረ ያንብቡ። ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን አብዛኛው ገንዘብ የሚለቀቅ ከሆነ ቀሪው ሥራ፣ ማለትም ሶፍትዌሩና ሙከራው፣ አቅራቢውን የሚያስቸኩለው ነገር አይኖረውም። እኔ ከጠቅላላው ዋጋ ቢያንስ ሲሶው ከተቀናጀው ሙከራና ከጊዜያዊ ርክክቡ ጋር ቢታሰር እመርጣለሁ። የዋስትናው ጊዜም መቆጠር ያለበት ዕቃው መጋዘን ከደረሰበት ቀን ሳይሆን ከጊዜያዊ ርክክቡ ቀን ነው። በእኛ አገር እንኳ ዕቃ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ከዚያም ጣቢያው እስኪያልቅ መጋዘን ውስጥ ወራት ሊቆይ እንደሚችል የምናውቀው ነው። በሣጥን ውስጥ እንዳለ ዋስትናው ያለቀበት ማሽን ለማንም አይበጅም።

የቀሩትን 30 ወራት ከኋላ ወደ ፊት ይቁጠሯቸው። የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ባቡሩ ያለ ተሳፋሪ የሚመላለስበት የሙከራ ጉዞ ጊዜ ስለሆነ የእርስዎ ሥርዓት በዚያን ጊዜ መማር ሳይሆን መሥራት አለበት። ከዚያ በፊት ያሉት 5 ወራት ለቦታ ላይ ሙከራና ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር ለሚደረገው ቅንጅት ይሁኑ። የፋብሪካ ሙከራው ከዛሬ ጀምሮ ሲቆጠር ከ18ኛው ወር ባይዘገይ ይሻላል፤ ወደ ፋብሪካው ሲሄዱም አንድ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አይተው ፎቶ ተነሥተው አይመለሱ። ከካርድ እስከ ማዕከል ያለው ሰንሰለት በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገጣጥሞ አንድ የሒሳብ ቀን እንዲሠራ ይጠይቁ። ትኬት ይሸጥ፣ ካርድ ይሞላ፣ ሰው ይግባ ይውጣ፤ ሲመሽ ከማሽኑ የወጣው ጥሬ ገንዘብ፣ ማሽኑ ያተመው ሪፖርትና ማዕከሉ የመዘገበው ድምር እስከ ሳንቲሟ ይመሳከሩ። በሙከራው መሀል የኔትወርኩን ገመድ በእጅዎ ይንቀሉት፤ ከሰዓታት በኋላ መልሰው ሲሰኩት የጠፋ ወይም ሁለት ጊዜ የተቆጠረ ጉዞ ከተገኘ ወደ አገርዎ የሚመለሱበትን ቀን ያራዝሙ።

ጥያቄ፦ ለገሃር አካባቢ በአንድ የንግድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀላሉን ባቡር አዘውትሬ እጠቀማለሁ። ጣቢያዎቻችን እንደ ሌሎች አገሮች አውቶማቲክ በር ቢገጠምላቸው ሳይከፍል የሚሳፈረው ሰው አይቀንስም ነበርን?

መልስ፦ ይቀንስ ይሆናል፤ ጥያቄው በምን ዋጋ የሚለው ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ 5ቱን፣ ለገሃርንና ስታዲየምን ጨምሮ፣ ሁለቱም መስመሮች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ሥርዓቱም ክፍት ነው። ተሳፋሪው ትኬቱን ከጣቢያው አጠገብ ይገዛል፣ ተቆጣጣሪ ይጠይቀዋል። በር መግጠም ማለት በሩን ብቻ መግጠም አይደለም፤ መድረኩን በሙሉ ማጠር፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ ሰፊ በር መተው፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባትሪ ማስቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ ጠባቂ ማቆም ነው። እንደ በርሊንና ቪየና ያሉ ትልልቅ ሜትሮዎች እስከ ዛሬ ያለ በር በተቆጣጣሪ ይሠራሉ። በር የዘመናዊነት ምልክት አይደለም።

የሒሳብ ሰው ስለሆኑ አንድ ስሌት ላቅርብልዎት። አንድ ባቡር በአንድ ጣቢያ 240 ሰው አወረደ እንበል፤ ቀጣዩ ባቡር ሳይደርስ መድረኩ እንዲለቀቅ ሁሉም በ2 ደቂቃ ይውጡ። አንድ በር በደቂቃ 25 ሰው ካሳለፈ በ2 ደቂቃ 50 ሰው ይወጣበታል፤ ስለዚህ 5 መውጫ በር ያስፈልጋል። ተሳፋሪው ካርድ በማስነካት ፈንታ ስልኩን ከፍቶ ኪውአር ኮድ እያሳየ በደቂቃ 15 ሰው ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው 8 በር ነው። አንዱ ቢበላሽ መተኪያ፣ ለሚገቡት ደግሞ ሌላ ያክሉበት። ጠባብ መድረክ ላይ ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል? በእኔ አስተያየት ለአሁኑ መስመር የሚሻለው ትኬቱን በካርድ ለውጦ ቁጥጥሩን ማጥበቅ ነው፤ በሩ ከመሬት በታች ወይም በሙሉ ተከልሎ ለሚሠራ መስመር ይቆይ።

ጥያቄ፦ ከካዛንቺስ። ቴሌብር እያለ ካርድ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም በስልክ ይክፈል፣ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ኪስ ሆኗል፤ ካርድ ለመሙላትና የወር ትኬት ለመግዛት ከእሱ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። በሩ ላይ ቆሞ በእሱ መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የለንደን ሜትሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የባንክ ካርድ በቀጥታ በር ላይ መቀበል ሲጀምር ያስቀመጠው ገደብ ንባቡ ከግማሽ ሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ይህንን ያሳካው ሰውየው ቆሞ እያለ ባንኩን ባለመጠየቅ ነው፤ በሩ የካርዱን ትክክለኛነት ራሱ አረጋግጦና ከታገዱት ዝርዝር ጋር አመሳክሮ ያሳልፈዋል፣ የቀኑ ጉዞ ተደምሮ ሒሳቡ የሚጠየቀው በኋላ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ “ኔትወርክ የለም” የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ከማንም በላይ ያውቃታል። በየእያንዳንዱ ማለፊያ ከማዕከል ፈቃድ የሚጠይቅ ሥርዓት ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሰልፉን እስከ አስፋልቱ ድረስ ያወጣዋል። ስለዚህ የሚሠራው ቅይጥ ነው፦ በስልክ የሚሞላ፣ ያለ ኔትወርክ የሚነበብ ካርድ፤ ካርድ ለሌለው እንግዳ ደግሞ አስቀድሞ ተገዝቶ በሩ ራሱ ትክክለኛነቱን ሊያረጋግጠው የሚችል ኪውአር ኮድ። ባትሪው ያለቀበት ስልክ፣ አዝራር ያላት ትንሿ ስልክና ስልክ የሌላቸው አዛውንትም ተሳፋሪዎች ናቸው።

ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ማሽን ላዘዘ ሰው አንድ ማስታወሻ ልጨምር። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብር ሲጨመር ኖት የሚያነብ ማሽን ሁሉ አዲሶቹን እንዲያውቅ መስተካከል ነበረበት። ይህ ማስተካከያ በማን ወጪ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሠራ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ከሆነ ማሽኑ እንደ ቁም ሣጥን ቆሞ ይቀራል።

ጥያቄ፦ አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። የትራንስፖርት ካርድ በቀላሉ ሊገለበጥ ይችላል ሲባል ሰምቻለሁ። ምን ያህል እውነት ነው?

መልስ፦ የካርዱ ዓይነት ይወስነዋል። በዓለም ላይ በብዛት የተሰራጨው ማይፌር ክላሲክ የተባለው ካርድ ምስጢራዊ ስሌቱ በ2008 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሰብሮ ታይቷል። ካርዱ ርካሽ ስለሆነ ዛሬም ለጨረታ የሚያቀርብ አይጠፋም፤ ለአዲስ ሜትሮ ግን ኤኢኤስ የተባለውን ምስጠራ ከሚጠቀሙት በታች መውረድ አይገባም። ለእኔ ከካርዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልፉ ነው፤ ካርዱን የሚከፍቱት ዋና ምስጢራዊ ቁልፎች በማን እጅ እንደሚቀመጡ ማለቴ ነው። አቅራቢው ቁልፎቹን ራሱ ፈጥሮ ራሱ ከያዛቸው ባለቤቱ ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ አቅራቢ ማምጣት ወይም አውቶቡሱን በዚያው ካርድ ማስገባት ሲፈልግ ፈቃድ ለማኝ ይሆናል። ቁልፎቹ በባለቤቱ ሰዎች ፊት፣ በባለቤቱ መሣሪያ ላይ ይፈጠሩ፤ ተከፋፍለውም በተለያዩ ኃላፊዎች እጅ ይቀመጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ እየፈለግህ ከሆነ ይህ አይከፋም።

ጥያቄ፦ በአንድ የባቡር ጣቢያ አጠገብ ትኬት እሸጣለሁ። ማሽን ከመጣ እኛ ምን ልንሆን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የሽያጩ ሥራ እንደሚቀንስ ልሸሽግሽ አልችልም። ማሽን የገባበት ጣቢያ ግን ያለ ሰው አይሠራም፤ ካርዱ እምቢ ያለውን የሚረዳ፣ የተዘጋበትን የሚያሳልፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውን የሚያስተምር ሠራተኛ የግድ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ከአሁኑ ሻጮች ሌላ ለማን ይገባል? ዕቅዱን የሚያወጡት ሰዎች የሥልጠናውን በጀትና የሰው ኃይል ሽግግሩን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ካላስገቡት ግን ሁሉም ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ጥያቄሽን ለእኛ ብቻ ሳይሆን ለአለቆችሽ በጽሑፍ አቅርቢው።

ሌላም ነገር አለ። በርክክብ ሙከራ ላይ በሩን የሚያልፉት ብዙውን ጊዜ ባዶ እጃቸውን የሚሄዱ መሐንዲሶች ናቸው። ልጇን ያዘለች እናት፣ የነጠላዋ ጫፍ ወደ ኋላ የተንጠለጠለ ወይዘሮ፣ በሁለት እጁ ዘንቢል የያዘ ሰው፣ ሁለት ካርድ አንድ ቦርሳ ውስጥ አድርጎ ቦርሳውን የሚያስነካ ወጣት በሙከራው አይታዩም። አዝሎ የሚያልፍን ሰው ሴንሰሩ ሁለት ሰው ተከታትሎ የገባ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ የነጠላ ጫፍም በሚዘጋው ክንፍ ሊያዝ ይችላል። ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ማን እንዴት እንደሚመጣ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የመቀበያ ሙከራውን ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ኪዮስክሽ አጠገብ ቢቀመጥ ብዙ ይማራል።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ፣ አጭር ጥያቄ። “የወር ትኬት” ሲባል ወሩ የማን ነው? ጳጉሜንስ?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ጥያቄ ያስቃል እንጂ ለፕሮግራመሩ ቀልድ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር የሚያውቀው 12 ወር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የወር ትኬት ብንሸጥ 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን በሙሉ ዋጋ ትሸጥ ወይስ ከነሐሴ ጋር ትዳበል የሚል ደንብ ያስፈልገናል። እኔ ወርን ትቼ ካርዱ መጀመሪያ ከተነካበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን የሚያገለግል ትኬት እሸጥ ነበር። ሰዓቱም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ማሽኑ “08:30” ብሎ ያተመውን አንዱ ተሳፋሪ ከጠዋቱ 2:30 ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከቀትር በኋላ 8:30 ብሎ ያነበዋል፤ የሁለት ሰዓት የመስመር መቀየሪያ ጊዜ ያለው ትኬት ላይ ይህ ጠብ ያመጣል። ማዕከሉ በፈለገው ሰዓት ይመዝግብ፤ በደረሰኙና በስክሪኑ ላይ ግን ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚል ቃል ከቁጥሩ ፊት በአማርኛ እንዲታተም በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ያስገቡት።